ከክፍሉ ጀርባ የተቀመጠችው፦ የአሜሪካ መምህራን ስለ ምዘናቸው ምን ይላሉ?

በሩ ይከፈታል። ርዕሰ መምህሯ ላፕቶፗን ይዛ ትገባለች። ማንንም ላለመረበሽ በእግሯ ጣቶች እየረገጠች ሄዳ ከኋላ ያለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ልጆቹ ግን አይተዋታል። ሲያወራ የነበረው ዝም ይላል። ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ የነበረው ቀና ይላል። የመምህሩ ድምፅም ይለወጣል፤ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ፈጠን ይላል። ከኋላ የኪቦርድ ድምፅ ይሰማል። መምህሩ ስለ ክፍልፋይ እያስረዳ ነው፤ ግማሽ ልቡ ግን እዚያ ኪቦርድ ላይ ነው። «አሁን ምን ጻፈች?»

የዚህ ጉብኝት ስም የክፍል ምልከታ ነው። በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ያውቀዋል። ከምልከታው ነጥብ ይወጣል። ነጥቡ ከሌሎች ነጥቦች ጋር ይደመርና በዓመቱ መጨረሻ መምህሩ አንድ ደረጃ ይሰጠዋል፦ «በጣም ውጤታማ»፣ «ውጤታማ»፣ «መሻሻል ያለበት»፣ «ውጤታማ ያልሆነ»። ስያሜው ከቦታ ቦታ ይለያያል። ዓመቱን ሙሉ የለፉበት ሥራ በአንድ ቃል ሲጠቃለል የሚሰማው ስሜት ግን ያው ነው።

መምህራን መመዘን አይወዱም ይባላል። እኔ ይሄ ልክ አይመስለኝም። ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት የተሠሩትን ጥናቶች ላየ ሰው የሚወጣው ሥዕል ሌላ ነው። ዋናው ቅሬታ «ለምን መጣችሁብኝ» የሚል አይደለም። «መጣችሁ፣ አያችሁ፣ ጻፋችሁ፣ ከዚያ ስለ ማስተማሬ የሚረባ ነገር ሳትነግሩኝ ሄዳችሁ» የሚል ነው። ይህ ቅሬታ ምዘናው ልል በነበረበት ጊዜ ነበረ። ምዘናው ጠብቆ ሰው ሥራ ባጣበት ጊዜም ነበረ። አሁንም አለ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁሉም «ጥሩ» የነበረበት ጊዜ

መጀመሪያ አሠራሩን ላስረዳ። አሜሪካ ውስጥ ከ13 ሺህ በላይ የትምህርት ዲስትሪክቶች አሉ። ዲስትሪክት ማለት የአንድን ከተማ ወይም አካባቢ ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድር፣ የራሱ ቦርድና በጀት ያለው አካል ነው። መምህሩን የሚቀጥረውም የሚመዝነውም እሱ ነው። ስቴቱ በሕግ ማዕቀፉን ያወጣል። ዝርዝሩን ዲስትሪክቱ ይጨርሳል፤ ብዙ ቦታ ከመምህራን ማኅበሩ ጋር ተደራድሮ። ስለዚህ ቤታቸው ጎን ለጎን የሆነ ሁለት መምህራን በሁለት የተለያየ ሚዛን ሊመዘኑ ይችላሉ።

በ2009 «ዘ ኒው ቲቸር ፕሮጀክት» የተባለ ድርጅት በ4 ስቴቶች የሚገኙ 12 ዲስትሪክቶችን አጥንቶ ሪፖርት አወጣ። ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ መምህራንን ጠይቋል። ምዘናው «አጥጋቢ» እና «አጥጋቢ ያልሆነ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ብቻ በነበሩት ዲስትሪክቶች ከ99 በመቶ በላይ የሆኑት መምህራን «አጥጋቢ» ተብለዋል። ጎበዙም ሰነፉም አንድ ሳጥን ውስጥ ገባ ማለት ነው።

በዚያው ሪፖርት ውስጥ ሌላ ቁጥር አለ። ከአራት መምህራን ሦስቱ ያህሉ በመጨረሻው ምዘናቸው ላይ ሊያሻሽሉት የሚገባ አንድም ነገር እንዳልተነገራቸው ተናግረዋል። አንድም ነገር! አንድ ሰው ክፍልህ ገብቶ ሠላሳ ደቂቃ ተቀምጦ «ሁሉ ጥሩ ነው፣ እዚህ ጋ ፈርም» ብሎህ ሲሄድ ደስ የሚል ሊመስል ይችላል። ግን እውነተኛ መምህር የትኛው ትምህርቱ እንደከሸፈ ራሱ ያውቃል። የሚያወራው ሰው ነው ያጣው።

ፖለቲከኞቹ የመጀመሪያውን ቁጥር ይዘው ሮጡ። ሁለተኛውን የያዘው ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ጣጣ ብዙው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

በዚያው ዓመት የኦባማ አስተዳደር «ሬስ ቱ ዘ ቶፕ» የተባለውን ውድድር ጀመረ። 4.35 ቢሊዮን ዶላር ነው የቀረበው። ገንዘቡን የፈለገ ስቴት ነጥብ ከሚያስገኙለት ነገሮች አንዱ የመምህራን ምዘናውን መለወጥና የተማሪዎችን ውጤት ምዘናው ውስጥ ማስገባት ነበር። ጊዜው ደግሞ የኢኮኖሚ ቀውስ ነው። የስቴቶች ካዝና ባዶ ነበር። ሕጎቹ እየተከታተሉ ወጡ። በ2009 የተማሪን ዕድገት በመምህሩ ምዘና ውስጥ ማስገባት የሚያስገድዱ ስቴቶች 15 ነበሩ። በ2015 ቁጥራቸው 43 ደረሰ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ሙያ የሚመዘንበት መንገድ እንዲህ ሲገለበጥ ብዙ ጊዜ አናይም። ለመላመድም ለመሞከርም ጊዜ አልተሰጠም።

የክፍል ምልከታው

አዲሱ ምዘና በአብዛኛው ሁለት እግር አለው። አንዱ የክፍል ምልከታ ነው።

ለምልከታው መስፈርት ያስፈልጋል። በጣም ከተሰራጩት አንዱ ሻርሎት ዳንኤልሰን የተባለች የትምህርት ባለሙያ በ1996 ያወጣችው ማዕቀፍ ነው። ማስተማርን በ4 ዘርፍና በ22 ንዑስ ክፍሎች ይከፍላል። ዝግጅት፣ የክፍሉ ድባብ፣ ማስተማሩ ራሱ፣ ሙያዊ ኃላፊነት። እያንዳንዱ አራት ደረጃ አለው። ብዙ መምህራን ስለዚህ ዓይነቱ መስፈርት የሚሉት ነገር ከሚጠበቀው በላይ ደግ ነው። ቢያንስ ጥሩ ማስተማር ምን እንደሚመስል የጋራ ቋንቋ ይሰጣል ይላሉ። «ጥያቄህ ልጆቹን እርስ በርስ አላወያየም» መባል «ክፍሉ ትንሽ ደበዘዘ» ከመባል ይሻላል። አንዱ ላይ መሥራት ይቻላል። ሌላው ላይ ምን ይደረጋል?

ችግሩ መስፈርቱ እጅ ሲለውጥ ይመጣል። ለውይይት የተጻፈ ነገር መቆጣጠሪያ ዝርዝር ይሆናል። የዕለቱ ዓላማ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል? ይኼ ነጥብ ነው። ልጆች በቡድን ተቀምጠዋል? ይኼም ነጥብ ነው። ያን ቀን ልጆቹ ድርሰት እየጻፉ ከሆነና ክፍሉ ጸጥ ካለ መዛኙ የሚያየው የለውም። ብዙ መምህር ጉብኝቱ በታወቀ ቀን ሌላ ትምህርት አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ያማረ፣ የተለማመደ፣ እንከን የሌለው። የእንግዳ ቀን ትምህርት ልንለው እንችላለን። በማግሥቱ ወደ ተለመደው ይመለሳል። በዚህ መምህሩን ብቻ ልወቅሰው አልችልም። ድክመትህን ያሳየህበት ሰዓት ነጥብ የሚያስቀንስህ ከሆነ፣ ድክመትህን የምታሳይበት ምክንያት ምንድን ነው?

መዛኙ ማን ነው የሚለው ሌላ ትልቅ ጥያቄ ነው። ለብዙዎች ርዕሰ መምህር ነው። የስፖርት መምህር የነበረ ርዕሰ መምህር የካልኩለስን ክፍል ይመዝናል። የሙዚቃ መምህርቷን ሙዚቃ የማያውቅ ሰው ይመዝናታል። ሥርዓት አለ ወይ፣ ልጆቹ ይከታተላሉ ወይ የሚለውን ማንም ሊያይ ይችላል። መምህሩ የዘለለው እርምጃ ልጆቹን ሦስት ሳምንት እንደሚያደናግራቸው የሚያየው ግን ትምህርቱን የሚያውቅ ብቻ ነው። መምህራን ግብረ መልሱ «ላይ ላዩን ነው» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለዚህ ነው።

የርዕሰ መምህራኑንም ጎን ማየት ያስፈልጋል። አንድ ሙሉ ምልከታ ማለት ቅድመ ውይይት፣ ክፍል መቀመጥ፣ ማስረጃ መጻፍ፣ ነጥብ መስጠት፣ ድኅረ ውይይት ማለት ነው። ይህን ለሠላሳና ለአርባ መምህር፣ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አድርጉት። በመሃል የሚጣላ ልጅ አለ፣ የተቆጣ ወላጅ አለ፣ የተበላሸ ማሞቂያ አለ። ማቲው ክራፍትና አሊሰን ጊልሞር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2017 ባሳተሙት ጥናት ከአዲሱ ሕግ በኋላም በአብዛኞቹ ባጠኗቸው ስቴቶች ዝቅተኛውን ደረጃ የሚያገኙት መምህራን ከ1 በመቶ በታች መሆናቸውን አሳይተዋል። በአንድ ትልቅ ከተማ ዲስትሪክት ያነጋገሯቸው መዛኞች ብቃታቸው ዝቅ ያለ ነው ብለው በልባቸው የሚያስቧቸው መምህራን፣ በወረቀት ዝቅ ካደረጓቸው ከሦስት እጥፍ በላይ ነበሩ።

ለምን? የሰጡት ምክንያት በጣም ሰው ሰው ይሸታል። ጊዜ የለም። አዲስ መምህር ላይ ተስፋ አለኝ፣ ቅስሟን መስበር አልፈልግም። ፊት ለፊት መናገር ይከብደኛል። ባባርረው ማንን አመጣለሁ? እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አይደሉም። አንድ ወረቀት ላይ ሁለት የማይስማሙ ሥራዎች ተጭነውባቸው ነው።

ሌላም የሚቆጠቁጥ ነገር አለ። የምልከታ ነጥብ የሚለካው መምህሩን ብቻ አይደለም። ከፊቱ የተቀመጡትን ልጆችም ይለካል። አንድ ጥናት ዝቅተኛ ውጤት ያላቸውና ጥቁርና ሂስፓኒክ ልጆች የበዙበት ክፍል የሚያስተምሩ መምህራን፣ በሌላ መለኪያ እኩል ሆነው ሳለ እንኳ በምልከታ ዝቅ ያለ ነጥብ እንደሚያገኙ አሳይቷል። አንድ መምህር «ጎበዞቹን ክፍል የያዘችው ሁሌም ከእኔ ትበልጣለች» ሲል ቅናት ይመስላል። ግን ልክ ሊሆን ይችላል። መዘዙ ደግሞ ከመምህሩ አልፎ ልጆቹ ጋ ይደርሳል። ከባዱን ክፍል መውሰድ የሚያስቀጣ ከሆነ ማን ይወስደዋል?

ከኮምፒውተር የመጣው ቁጥር

ሁለተኛው እግር የተማሪ ፈተና ውጤት ነው። ከሁሉም የበለጠ ምሬት የቀሰቀሰው ይኼኛው ነው።

ሐሳቡ ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው። የልጁን ጥሬ ውጤት አንይ፤ ከድሃ ሰፈር የመጣ ልጅ ከኋላ ይጀምራል። ይልቅ ልጁ ካለፉት ዓመታት ውጤቱ ተነስቶ ዘንድሮ ስንት ያመጣል ብለን እንገምት። ከግምቱ በላይ ካመጣ መምህሩ ጨምሮለታል፤ በታች ካመጣ ቀንሶበታል። «ቫልዩ አዲድ» ይሉታል፣ የተጨመረ እሴት እንደማለት። ከአባቶቹ አንዱ ዊሊያም ሳንደርስ የተባለ የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ሰው ነበር። ቀደም ሲል የሚሠራው በእርሻ ዘርፍ ነበር። ቴነሲ በ1992 ባወጣችው የትምህርት ሕግ የእሱን ዘዴ ተቀበለች።

አሁን ከመምህሩ በኩል እንየው። ክፍልህ ውስጥ 24 ልጆች አሉ። ሁለቱ በዓመቱ አጋማሽ ከሌላ ከተማ መጡ። የአንዷ ወላጆች እየተፋቱ ነው። በፈተናው ሳምንት አራቱ ጉንፋን ይዟቸዋል። በዚህ ትንሽ ቁጥር ላይ የሚሠራ ስሌት ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል። በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ የምታስተምር አንዲት የ4ኛ ክፍል መምህርት በአንድ ዓመት ከ20ው 14ቱን አገኘች። በተከታዩ ዓመት ከ20ው 1 ብቻ ተሰጣት። ልጆቿ በሁለቱም ዓመታት ጥሩ ውጤት ነበራቸው። ፍርድ ቤት ሄደች። ዳኛው በ2016 ነጥቡ በዘፈቀደ የተሰጠና ምክንያታዊ ያልሆነ ነው ብለው ሻሩላት።

የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር በ2014 ባወጣው መግለጫ አብዛኞቹ ጥናቶች በተማሪዎች ውጤት መካከል ካለው ልዩነት ከመምህሩ የሚመጣውን ከ1 እስከ 14 በመቶ ብቻ እንደሚያደርሱት ጠቅሷል። ይህን የሚሉት ቁጥር የሚጠሉ ሰዎች አይደሉም፤ እንጀራቸው ቁጥር ነው። ሚዛኑን ለመጠበቅ ግን ይህንንም ልጨምር፤ ራጅ ቼቲ የተባለ የኢኮኖሚ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይህ ነጥባቸው ከፍ ያለ መምህራን ያስተማሯቸው ልጆች ካደጉ በኋላ የተሻለ ገቢ እንደሚያገኙ አሳይተዋል። ስለዚህ ስሌቱ ባዶ ወሬ አይደለም። ብዙ መምህራንን አንድ ላይ ለሚያጠና ሰው የሚናገረው ነገር አለው። አንዲትን መምህርት በአንድ ዓመት ቁጥር ለማባረር ሲውል ነው የማያስተማምነው።

በዚያ ላይ አብዛኛው መምህር በስቴት ፈተና የማይሸፈን ትምህርት ወይም ክፍል ነው የሚያስተምረው። ዓመታዊው የንባብና የሒሳብ ፈተና በሕጉ ግዴታ የሆነው ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል፣ ከዚያም አንድ ጊዜ በሁለተኛ ደረጃ ነው። የሥዕል መምህሩስ? የ1ኛ ክፍሏስ? አንዳንድ ቦታ የተገኘው መፍትሔ የትምህርት ቤቱን የንባብ ውጤት ለእነሱም መስጠት ሆነ። ማለትም አስተምረዋቸው በማያውቁት ልጆች፣ በማያስተምሩት ትምህርት ይመዘናሉ። ፍሎሪዳ ውስጥ መምህራን በ2013 ስለዚህ ጉዳይ ከሰሱ። የፌደራል ዳኛው አሠራሩ ፍትሐዊ አለመሆኑን አልካዱም። ሕገ መንግሥቱን ግን አይጥስም ብለው ወሰኑ፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2015 አጸናው። መምህራኑ ተሸነፉ። ፍትሐዊ አለመሆኑን ዳኛ የነገረህ ምዘና በሚቀጥለው ዓመትም ሲመዝንህ ምን እንደሚሰማህ አስበው።

የሂዩስተን ጉዳይ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። እዚያ የነበረው ስሌት የአንድ የሶፍትዌር ኩባንያ ንብረት ነበር። ቀመሩ የንግድ ምስጢር ነው። መምህሩ «ነጥቤ ከየት መጣ?» ብሎ ሲጠይቅ ሊያሳየው የሚችል ሰው አልነበረም። የመምህራን ማኅበሩ ከሰሰ። በ2017 የፌደራል ፍርድ ቤቱ ነጥቡን ማረጋገጥ የማይችል መምህር ራሱን የመከላከል መብቱ ሊጣስ ይችላል በማለት ክሱ እንዲቀጥል ፈቀደ። በዚያው ዓመት ዲስትሪክቱ ተስማማ፤ መምህሩ ሊያረጋግጠው በማይችል ነጥብ ላለማሰናበት ቃል ገባ። ይህ የማይሆን ስጋት ነው የሚል ካለ ዋሽንግተን ዲሲን ይይ። በ2013 የስሌት ስህተት ተገኝቶ የ44 መምህራን ነጥብ ልክ አለመሆኑ ታወቀ። አንዱ በዚያ ነጥብ ሥራውን አጥቶ ነበር።

በ2010 ደግሞ አንድ ትልቅ የሎስ አንጀለስ ጋዜጣ ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ መምህራንን ነጥብ ከነስማቸው አወጣው። ለምዘናው ለውጥ ገንዘብ ካፈሰሱት ሰዎች ዋነኛው ቢል ጌትስ እንኳ ከሁለት ዓመት በኋላ ኒውዮርክ ተመሳሳይ ነገር ለማድረግ ስትዘጋጅ ተቃውሞ ጻፈ። ማሸማቀቅ ሰውን አያሻሽልም የሚል ነበር መልእክቱ። በ2012 የቺካጎ መምህራን በ25 ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሥራ ማቆም አድማ ሲመቱ፣ 7 የትምህርት ቀናት ክፍሎች ሲዘጉ፣ ከዋና ዋናዎቹ የክርክር ነጥቦች አንዱ ይኸው ምዘና ነበር።

አንድ ወረቀት፣ ሁለት ሥራ

ምዘናው ሁለት ዓላማ አለው። አንዱ መምህሩን ማሳደግ ነው። ሁለተኛው ማን ይቆይ፣ ማን ይሂድ፣ ማን ጉርሻ ያግኝ ብሎ መወሰን ነው። ሁለቱም ትክክለኛ ዓላማዎች ናቸው። ሁለተኛውን የሚንቅ ሰው ስለ ልጆቹ አላሰበም። ደካማ መምህር እጅ የወደቀ ልጅ ያንን ዓመት መልሶ አያገኘውም።

ግን ሁለቱን በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ቀን ስታደርጋቸው ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይበላዋል። ለማደግ ድክመትህን መናገር አለብህ። ላለመቀጣት መደበቅ አለብህ። ከድኅረ ውይይቱ ላይ የተቀመጠ መምህር ርዕሰ መምህሯ የምትለውን ምክር አይሰማም። ዓይኑ ነጥቡን ይፈልጋል። «ሦስት ነኝ ወይስ ሁለት?» ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ሁሉ ክርክር ነው።

የጌትስ ፋውንዴሽን የደገፈው አንድ ትልቅ ሙከራ ይህን በገንዘብ አሳይቷል። ቴነሲ፣ ፍሎሪዳና ፔንሲልቬንያ ውስጥ ያሉ ሦስት ዲስትሪክቶችና አራት የቻርተር ትምህርት ቤት ድርጅቶች (በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ፣ ግን ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ትምህርት ቤቶችን የሚመሩ) ነበሩበት። ከሁሉም ምንጭ ወደ 575 ሚሊዮን ዶላር ወጣ። ምዘናው ተሠራ፣ ምልከታው ተካሄደ፣ ነጥቡ ተሰጠ። ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም በ2018 ውጤቱን ሲያወጣ የተማሪዎች ውጤት እንደታሰበው አልተሻሻለም። ሥልጠናው ከምዘናው ውጤት ጋር በደንብ ሳይገናኝ ቀርቷል። ሚዛኑ ተገዛ፣ መድኃኒቱ ግን አልመጣም።

ዋሽንግተን ዲሲ ከዚህ ለየት ትላለች፣ መዝለልም አይገባም። በ2009 የጀመረችው ሥርዓት በጣም ጠንካራ ነበር። ጥሩ ነጥብ ያለው እስከ 25 ሺህ ዶላር ጉርሻ ያገኛል። ዝቅተኛው ይሰናበታል፤ በ2011 ብቻ ከ200 በላይ መምህራን ተሰናብተዋል። ቶማስ ዲ እና ጄምስ ዋይኮፍ የተባሉ ተመራማሪዎች የመባረር ጫፍ ላይ የነበሩ መምህራን ወይ በራሳቸው እንደለቀቁ፣ ወይ እንደተሻሻሉ አሳይተዋል። ማለትም ዛቻ ይሠራል፣ ቢያንስ ለጊዜው፣ ቢያንስ ጫፍ ላይ ላለው። ጫፍ ላይ ላልሆነው ብዙኃን ግን ምን ይሰጠዋል? እሱ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው።

መምህራን የተቀበሉት ምዘና

መምህራን ወደውት የኖሩት ምዘና አለ። ልል ስለሆነም አይደለም።

በኦሃዮ የምትገኘው ቶሌዶ ከ1981 ጀምሮ መምህራን መምህራንን የሚመዝኑበት አሠራር አላት። የተመረጡ ጎበዝ መምህራን ለተወሰኑ ዓመታት ከክፍላቸው ወጥተው አዳዲሶችንና የተቸገሩትን ይደግፋሉ፣ ይመዝናሉም። ውሳኔውን የሚሰጠው የማኅበሩና የአስተዳደሩ ተወካዮች የተቀመጡበት ቦርድ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሞንትጎመሪ ካውንቲም ተመሳሳይ መንገድ ወስዷል። የሚገርመው ይህ አሠራር ሰዎችን ያሰናብታል። ግን ቅሬታው ያነሰ ነው። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው። የሚመዝንህ ሰው አምና እንዳንተው ከ7ኛ ክፍል ጋር ሲታገል የነበረ ነው። ከመፍረዱ በፊት ለወራት አግዞሃል። «አልቻለም» ሲል አይቶ ነው።

ሌላዋ የኦሃዮ ከተማ ሲንሲናቲ ናት። ቀጥሎ የምጠቅሰው ጥናት ባየው ጊዜ እዚያ መምህሩ በሚመዘንበት ዓመት አራት ጊዜ ይጎበኝ ነበር። ሦስቱን ጊዜ የሚመጣው ከሌላ ትምህርት ቤት የተመደበ የሠለጠነ መምህር ነበር፣ አንዱን ርዕሰ መምህሩ። ኤሪክ ቴይለርና ጆን ታይለር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2012 ባሳተሙት ጥናት ለዓመታት ያስተማሩ መምህራን ከተመዘኑ በኋላ ተማሪዎቻቸው በሒሳብ የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይተዋል። መሻሻሉ ምዘናው ካለቀም በኋላ ባሉት ዓመታት ቀጥሏል። ከ575 ሚሊዮኑ ዶላር ጋር አስተያዩት። እዚህ የተገዛው ዋናው ነገር የአንድ ጎበዝ መምህር ጊዜ ነው።

ራንድ በአገር አቀፍ ደረጃ መምህራንን ሲጠይቅም ይኸው ሥዕል ይወጣል። ብዙዎቹ ከግብረ መልስ ተምረው አሠራራቸውን ቀይረዋል። ደጋግሞ የተጎበኘ፣ ደጋግሞ ያወራ መምህር ምዘናውን ፍትሐዊ ነው የማለት ዕድሉ ከፍ ይላል። በዓመት አንዴ የመጣ ሰው ዳኛ ነው። በየሳምንቱ ብቅ የሚል ሰው ባልደረባ ይሆናል፤ ቢያንስ የሚፈራ አይሆንም።

አሁን ያለው አደጋ

በታኅሣሥ 2015 ኮንግረሱ አዲስ የትምህርት ሕግ አወጣ። የፌደራል መንግሥቱ ስቴቶችን በምዘና ጉዳይ ማስገደዱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማፈግፈጉ ቀጥሏል። የተማሪ ዕድገትን የሚያስገድዱ ስቴቶች በ2019 ወደ 34 ወረዱ። ኒውዮርክ በዚያው ዓመት የስቴት ፈተና ውጤትን በምዘናው የማስገባት ግዴታ አነሳች። በ2024 ደግሞ ዲስትሪክቶች ከማኅበሮቻቸው ጋር ተደራድረው የራሳቸውን ሥርዓት እንዲነድፉ ፈቀደች። ወረርሽኙ በ2020 ፈተናዎቹን አስቀረ። የመምህር እጥረቱ ሲብስ ርዕሰ መምህራን ያላቸውን ሰው ላለማጣት ይጠነቀቃሉ።

ብዙ መምህር በቁጥሩ መሄድ ተንፍሷል። እኔም ደስ ብሎኛል። የሚያሳስበኝ ግን ይህ ነው። ቁጥሩ ሲወጣ በቦታው ምን ገባ? በብዙ ዲስትሪክት የገባው ዝምታ ነው። ሁሉም «ውጤታማ» ነው፣ እዚህ ጋ ፈርም። ወደ 2009 ተመልሰናል ማለት ነው። በዚህ የሚጎዳው በመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ያለው መምህር ነው። ክፍሉን መያዝ አቅቶታል፣ ማታ ማታ ያለቅሳል፣ ወረቀቱ ላይ ግን «ውጤታማ» ተብሏል። ማንን ይጠይቅ?

ገንዘብም አዲስ ሕግም ሳይጠበቅ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። ነጥብ የሚሰጠውንና ምክር የሚሰጠውን ሰው መለየት። ርዕሰ መምህሩ የሕጉን ወረቀት ይሙላ። ያንኑ ትምህርት የሚያስተምር ባልደረባ ደግሞ ወረቀት ሳይዝ ይግባ። ሰዓቱን ደግሞ ተመዛኙ ይምረጥ። በአንድ ሁኔታ ብቻ፦ ያማረውን ሰዓት ሳይሆን የሚከብደውን። ከምሳ በኋላ ያለውን፣ ልጆቹ የሚንጫጩበትን፣ ክፍልፋዩ አልገባ ያላቸውን። ባልደረባው ከኋላ አይቀመጥም። ወንበሩን ስቦ ከልጆቹ አጠገብ ይቀመጥና ደብተራቸውን ያያል። ደወሉ ሲደወል ሁለቱ መምህራን በሩ አጠገብ ቆመው አምስት ደቂቃ ያወራሉ። «ሦስተኛው ምሳሌ ላይ ነው የጠፉት። እኔም አምና እዚያው ላይ ነው የጠፉብኝ። ነገ ከዚያ እንጀምር?»